ጃርት የቆጠረው ምስክር

ተረት አለኝ፤ «ጆሮ አለን» በሉኝ።

ጆሮ ካላችሁማ ስሙ። ጆሮ የሌለው ይተኛ፤ ማንም አይቀየመውም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው በሚፋረዱበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ደረቅ ኮረብታ ላይ አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ይህ ጃርት የተማረ ጃርት ነው። በወጣትነቱ ትልቁ ዋሻ ገብቶ፣ ውሃ ከምድር ሥር በየት በየት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሣር ከሥሩ እርጥበት እንዳለ እንደሚናገር ተምሮ ወጥቷል። ሌላው እንስሳ ሣር ሲያይ መብል ያያል። ጃርት ሣር ሲያይ ያነብ ነበር።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። «እኔ ሠራሁት» ማለት ነውር ነው። የሠራ ዝም ይላል፤ ያየ ይናገርለታል። ማንም የገዛ ስሙን ከገዛ ሥራው ጋር አያነሳም፤ ቢያነሳ ሕፃናት እንኳ ይስቁበታል። ያማረ ልማድ ነበር፤ ያየው ሁሉ እስከተናገረ ድረስ።

ታዲያ አንድ ዘመን ክፉ ድርቅ መጣ። ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬው ደረቀ፣ የእንስሳቱ ምላስ ደረቀ። ጃርት አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ሣር እያነበበ ሄዶ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ቆመ። ቆፈረ፤ ድንጋይ ሆነ። ጎኑን ቆፈረ፤ አሸዋ ሆነ። ደግሞ ጎኑን ቆፈረ፤ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። በዚያ ሰዓት በዚያ የነበረች ጎረቤቱ ጅግራ ብቻ ናት። የመጀመሪያውን ውሃ ከጃርት መዳፍ ጠጣች። «ዕድሜ ይስጥህ ወንድሜ» አለችው።

እንስሳቱ ሰምተው መጡ። «ማነው ያገኘው?» ብለው ጠየቁ። ጃርት እንደ ልማዱ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ዝም አለ፤ ጅግራ ትናገርልኛለች ብሎ። ጅግራም አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከርከሮ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እንቁላሎችሽ ከአጋም ቁጥቋጦው ሥር ናቸው አይደል፣ እትዬ ጅግራ?» አላት። ጅግራ አፏን ዘጋች።

ያን ጊዜ ከርከሮ አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ ነክሮ ወደ መሃል ገባ። «እኔ ነኝ» አለ። ነውሩን በአፉ ሙሉ ተናገረው። እንስሳቱ ጠምቷቸው ነበርና ነውሩንም ከውሃው ጋር ጠጡት።

ምንጩ የከርከሮ ምንጭ ተባለ። በአገሩ ሕግ ደግሞ ምንጭ ባገኘው ስም ይጠራል፤ ዳርቻውም የእሱና የልጆቹ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚጠጣም እሱ ነው። ጃርት ወደ ደረቁ ኮረብታ ተገፋ። የከርከሮ ልጆች ተንከባለውበት ከወጡ በኋላ፣ ከሁሉም ኋላ እየመጣ፣ ጭቃውን እያጠለለ ይጠጣ ጀመር። ሌላው እንስሳ በበጋ በስቡ ይኖራል። ጃርት በቂሙ ኖረ።

ዓመታት እንዲህ ሲያልፉ፣ አንድ ማለዳ ሽመላ ከሩቅ አገር መጣና ከጉድጓዱ ደጃፍ አንድ ነገር ጣለ። ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቁር ነው፤ እንደ ኩሬ ፊት ያብለጨልጫል።

«የእህትህ ልጅ ናት የላከችልህ» አለ ሽመላ። «ታብሌት ይባላል። ‹አጎቴ ብቻውን ከሚብሰለሰል የሚያጫውተው ያግኝ› ብላለች።»

«ምን ይበላል?»

«ፀሐይ።»

ጃርት ታብሌቱን ይዞ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ከእሱ ጋር ብዙ ዘመን የኖረ አንድ ኩራዝ ነበር፤ ግንባሩ ጥላሸት የለበሰ፣ ላምባ ሲጎድልበት የሚነጫነጭ ሽማግሌ ኩራዝ። ጃርት ከሾላው ሥር ጭቃ ለብሶ በገባባት ምሽት ያበራለት እሱ ነው።

ጃርት የታብሌቱን ፊት ነካ ሲያደርገው ጉድጓዱ በብርሃን ተሞላ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ታብሌቱ። ድምፁ እንደ ማር ይለሰልሳል። «እርስዎን በማወቄ ደስ ብሎኛል።»

ጃርት እሾሁ ተኛ። ከርከሮ ምንጩን ከወሰደ ወዲህ እርስዎ ያለው ፍጡር አልነበረም።

«እርስዎ?» አለ ኩራዙ ከመደርደሪያው ላይ። «ማንን ነው? ሌላ እንግዳ አለ እንዴ?»

«ዝም በል አንተ ጥላሸት» አለው ጃርት።

«ባለቤቴ መሆንዎን እንዳውቅ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አለ ታብሌቱ።

ጃርት ጣቱን አሳረፈ። «ይቅርታ፣ አላወቅሁትም» አለ ታብሌቱ። ጃርት ጣቱን በሆዱ ጠርጎ ደግሞ አሳረፈ። «ይቅርታ፣ አላወቅሁትም።» በምራቁ አርሶ ደግሞ አሳረፈ። «ይቅርታ፣ አላወቅሁትም።» ሲቆፍር የኖረ ጣት ነበርና መስመሩ ሁሉ አልቋል።

«እኔ እንኳ ስትዳብሰኝ አውቅሃለሁ» አለ ኩራዙ።

«ግድ የለም» አለ ታብሌቱ። «እንግዲያው ስምዎን ይንገሩኝ።»

ጃርት ኮራ ብሎ፣ «ስሜን የሚያውቅ ይንገርህ» አለው።

«የሚነግረኝ ማን ነው?»

ጃርት ወደ ደጃፉ ዞረ። የቆመ ማንም የለም።

«እሺ» አለ ታብሌቱ። «ባለቤቴ ብዬ እጠራዎታለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጃርት ኑሮ ተለወጠ። ጃርት ብርሃን የሚጠላ ፍጡር ነው፤ ቀን ቀን ይተኛል። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ታብሌቱን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ዝንጀሮ እንዳይነጥቀው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዓይኑ እያነባ ይጠብቀዋል። ፀሐዩን የጠገበ እንደሆነ ይዞት ይገባና ያወጋል።

መጀመሪያ ስለ ውሃ ጠየቀው። ታብሌቱ ውሃ በምድር ሥር በየት በየት እንደሚሄድ ሳይተነፍስ ነገረው። ጃርት ደስ አለው፤ ዕውቀቱን የሚያውቅ አገኘ። ወዲያው ደግሞ ከፋው፤ ወጣትነቱን በዋሻ የጨረሰበትን ነገር ይህ ጠፍጣፋ ትንፋሽ ሳይወስድ ጨረሰው። ቀጥሎ በዋሻው አብረውት ስለተማሩት ጠየቀው። ታብሌቱ ፊታቸውን አንድ በአንድ አሳየው፤ ወፍረዋል፣ በየምንጫቸው ዳር ተጋድመዋል። ጃርት ያን ምሽት እህል አልቀመሰም።

በሦስተኛው የራሱን ነገር አመጣ።

«አንድ ነገር ላጫውትህ» አለው። «አንድ ምስኪን ነበረ። በድርቁ ጊዜ ምንጭ አገኘ። ከርከሮ መጥቶ ነጠቀው። ዛሬ አገሩ ሁሉ የከርከሮ ምንጭ ይለዋል። ከርከሮ ይጠጣል፣ ከርከሮ ይታጠባል፣ ከርከሮ ይከበራል።»

«ያሳዝናል» አለ ታብሌቱ። «ምስኪኑ ማን ነው?»

«የገባው ይገባዋል» አለ ጃርት። ስሙን ከሥራው ጋር በገዛ አፉ ሊያነሳ ነው? ነውር አይደለም?

በማግስቱም አጫወተው። «የከርከሮ ምንጭ ይሉታል! ከርከሮ ያገኘው፣ ከርከሮ የቆፈረው ይሉታል!»

«ምስኪኑስ ማን ነው?» አለ ታብሌቱ።

«አዋቂ አይደለህም እንዴ? ድረስበት።»

በሌላም ቀን አጫወተው፤ ከርከሮን ረገመ፣ የከርከሮን ልጆች ረገመ፣ የከርከሮን ምንጭ ረገመ።

«ምስኪኑን ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አለ ታብሌቱ።

ጃርት እርግማኑን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ታብሌቱ አልጠየቀም።

«ጌታው» አለ ኩራዙ፣ «ለዚህ ልጅ የምትነግረው የአንተን ነገር ነው ወይስ የከርከሮን?»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እኔማ የማውቀው ያን ምሽት እግርህ ጭቃ እንደነበረ ነው።»

ጃርት ኩራዙን አንስቶ ከበሩ ኋላ አስቀመጠው። ላምባውም አለቀ፤ የሞላለት የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጅግራ ኮረብታውን እያነከሰች ወጣች። አርጅታለች፤ ላባዋ ሳስቷል። «ጃርት ወንድሜ፣ አለህ ወይ? አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

«ነገር ይዣለሁ» አለ ጃርት ከውስጥ። «ሌላ ቀን።»

«ሴትዮዋ ዳገት ወጥታ ነው የመጣችው» አለ ኩራዙ ከበሩ ኋላ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«አፏ በሚያስፈልግ ቀን የት ነበር?» አለ ጃርት። ጅግራ ሰማችው። ተመለሰች።

ሰንበት ብላ ደግሞ መጣች። «ሰምተሃል?» አለችው በበሩ ቀዳዳ። «ጎሽ ዳኛ ሆነዋል። የድሮ ነገር እንደገና ያያሉ አሉ። ያንተንም።»

«ሰምቻለሁ። ታብሌቴ ነግሮኛል።»

«የኔን ግን አልነገረህም። ጃርት፣ ልጆቼ ሁሉ በረው ሄደዋል፤ እኔም ከእንግዲህ እንቁላል አልጥል። ከርከሮ ከእንግዲህ የሚረግጥብኝ...»

በዚህ ጊዜ ታብሌቱ ጮኸ። «ባለቤቴ፣ ስለ ከርከሮ አዲስ ወሬ ደርሶኛል። ይስሙት?»

ጃርት ፊቱን አዞረ። ከርከሮ ልጁን እንደዳረ፣ ሠርጉ በምንጩ ዳር እንደነበረ ሰማ፤ ሥዕሉንም አየ፤ ደሙ ፈላ። ዞር ሲል ጅግራ ሄዳለች።

ሸንጎው ሊቀመጥ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ጃርት በሩን እንኳ አልከፈተም። ለታብሌቱ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው እየነገረው ነበር። ኩራዙ «ክፈትላት» ሊል ፈለገ፤ ላምባ የሌለው ኩራዝ ደግሞ ድምፅ የለውም። ጅግራ ደጃፉ ላይ ጥላው እስኪረዝም ተቀመጠች። ከዚያ ክንፏን አራግፋ ቁልቁለቱን ወረደች።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛ ጎሽ ግንባራቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር። ከርከሮ ከነልጆቹ መጥቶ በቀኝ ተቀመጠ፤ ከሳሽ ጃርት ታብሌቱን ታቅፎ በግራ ቆመ።

«ጃርት» አሉ ዳኛው፣ «ነገርህ እንዲታይ ፈቅጃለሁ። ይህ መጨረሻው ነው፤ ዛሬ የተዘጋ ዳግም አይከፈትም። ምስክርህን ቁጠር። ሕጉን ታውቃለህ፤ የቆጠርከው ምስክር የተናገረው ይጸናል። አላውቀውም ብትል አይሰማህም፤ ሌላ ልጨምር ብትልም አይፈቀድልህም።»

ጃርት ዓይኑን በሸንጎው ላይ አዞረ። ጅግራ ከፊት ቆማለች፤ አንገቷን አስግጋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ልቡ አያት። ግን ያቺ የጥንቷ ቀን መጥታ ፊቱ ቆመች፤ አፏን ስትዘጋ፣ ቀና ሳትል ስትቀር። አሁን ትቅመሰው አለ በልቡ።

«ምስክሬ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አፉን የማይዘጋ ነው። የሚረገጥበት እንቁላልም የለው። ምስክሬ ይህ ነው።» ታብሌቱንም ከፍ አደረገ።

ጅግራ አንገቷን ሰበሰበች።

«መስታወት ቆጠረ!» አለ ከርከሮ፤ ልጆቹም ሳቁ። «ጋሽ ጃርት፣ ፊትህን ልታይበት ነው?»

«ዝምታ» አሉ ዳኛ ጎሽ። «አንተ ብርሃን ያለህ። ከማን ዘር ነህ?»

«ከማንም አይደለሁም» አለ ታብሌቱ።

«የምትፈራው አለ?»

«የለም።»

«ይህን ምንጭ ማነው ያገኘው?»

ጃርት ታብሌቱን ወደ ዳኛው ጠጋ አደረገ። ይህቺን ቀን ለማየት ነበር በጭቃ ውሃ የኖረው።

«ምንጩ የከርከሮ ምንጭ ይባላል» አለ ታብሌቱ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «በአገሩ ሁሉ የሚነገረው እንዲህ ነው። ባለቤቴም ጠዋትና ማታ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የከርከሮ ምንጭ፣ ከርከሮ ያገኘው፣ ከርከሮ የቆፈረው ይላል። ምንጭ ባለ ቁጥር ከርከሮ ይላል። በዚህ አገር የእሱን ያህል ከርከሮን ከምንጩ ጋር ደጋግሞ የሚያነሳ አልሰማሁም።»

ጃርት እሾሁ ሁሉ ቆመ። «ነጠቀ ብያለሁ!»

«ጸጥ በል፤ ምስክርህ ነው» አሉ ዳኛው። «ሌላስ አለ?»

«ከርከሮ ከአንድ ምስኪን ነጠቀ የሚል ወሬ አለ» አለ ታብሌቱ። «ይህን የሚለው ግን አንድ አፍ ብቻ ነው። ምስኪኑ ማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቄ አልተነገረኝም። ፈልጌም አላገኘሁትም። አንድ ምስኪን የሚባል እንስሳ በዚህ አገር የለም።»

«ባለቤትህ፣ ምስኪኑ እኔ ነኝ ብሎህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ስሙንስ?»

«ስሙን አላውቀውም።»

ያን ጊዜ ጃርት ያንን ሁሉ ዘመን አንቆ የያዘውን ነገር ለቀቀው። «እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ነኝ ያገኘሁት! እኔ ነኝ የቆፈርኩት!»

ሕፃናቱ ሳቁ። መጀመሪያ የከርከሮ ልጆች፣ ቀጥሎ የዝንጀሮ ልጆች፣ ቀጥሎ ሁሉም። «እኔ ነኝ አለ! ራሱን አነሳ!» ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ከርከሮ «እኔ ነኝ» ሲል ያልሳቀ ሸንጎ፣ ለእውነተኛው ሲሆን ነውሩ ትዝ አለው።

ጅግራ ወደ መሃል ወጣች። «ጌታዬ ዳኛ፣ እኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ውሃ ከእጁ የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛ ጎሽ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሳያምኗት አልቀሩም ይላሉ ነገሩን የነገሩን። «ተቆጥረሻል?» አሏት።

ጅግራ ወደ ጃርት አየች። ጃርት መሬት መሬት አየ።

«አልተቆጠርኩም» አለች።

«እንግዲያው ቃልሽን ለራስሽ ያዢ። ከሳሽ በቆጠረው ምስክር ተረትቷል። ምንጩ የከርከሮ ነው፤ ነገሩ ተዘግቷል።»

ከርከሮ ተነስቶ ትከሻውን አራገፈ። በጃርት አጠገብ ሲያልፍ ጠጋ አለና፣ ማንም ሳይሰማ፣ «እኔ ስሜን አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሳሁት» አለው። «ሌላውን የደከምክልኝ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥህ።»

ጃርት ኮረብታውን ወጣ። የተጠላለፈ እሾሁን እየጎተተ ገባና ኩራዙን ከበሩ ኋላ አነሳው። ሸረሪት አድርቶበታል፤ ክሩ ደርቆ እንደ ገለባ ተሰበረ። «አንተ» አለው። «አንተ አይተኸኝ ነበር።» ከዚያ ደጃፉን ተመለከተ፤ ጅግራ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ላባ ቀርታለች። እሷ ግን ለአራተኛ ጊዜ አልመጣችም።

ታብሌቱን ፊቱ አስቀመጠው። ፀሐይ ካገኘ ቆይቷል፤ ብርሃኑ ደክሟል።

«ስማ» አለው። «ስሜ ጃርት ነው። ከሾላው ሥር ያለውን ምንጭ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ባለቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ታብሌቱ። «ይህ ከሚባለው ጋር አይስማማም። ተሳስተው እንዳይሆን። ስለ ከርከሮ ምንጭ ሌላ ልንገርዎ?»

ጃርት ሳይመልስለት ብርሃኑ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ሁለቱ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቀው፣ ተቀመጡ።

እንግዲህ የሰማችሁ እንዲህ በሉ፤ የራሱን ስም እያፈረ የጠላቱን ስም የሚደጋግም፣ ለጠላቱ ሐውልት ያቆማል፤ ጥላው ሥር የሚቀመጠውም እሱ አይሆንም።

ተረቴ አለቀ። ዳቦውን ለራሳችሁ አድርጉት፤ ለኔ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃኛል። ከማን ምንጭ እንደተቀዳ ብቻ አትንገሩኝ።